ባትሪ ከመግዛት በፊት መመርመር
(በካኩማ ለሞተር ሳይክል አሽከርካሪዎችና ለጥገና ሠልጣኞች የተደረገ ንግግር)



 ሞተሩን ውጭ አቁሞ የገባ ሁሉ በዚህች ሰዓት ገቢ እያመለጠው እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ የምንነግራችሁ ነገር ያመለጣችሁን ገቢ የሚመልስ እንዲሆን ጥረናል።

እኛ በዚህ ካምፕ ሞተር ሳይክል በመጠገን የምንተዳደር ጥቂት ኢትዮጵያውያን ነን። ከመካከላችን ሙያውን ከአገር ቤት ይዘው የመጡ አሉ፤ እዚሁ በሥራ ላይ የተማሩም አሉ። ካምፑ ከተቋቋመበት ከ1992 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ዛሬ ከካኩማ አንድ እስከ ካኩማ አራት፣ ከዚያም አልፎ እስከ ካሎቤዬ ድረስ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሰው በአብዛኛው ቦዳ ቦዳው ነው። የራሽን ከረጢት የሚጭነው፣ ተማሪ የሚያደርሰው፣ ሌሊት የታመመ ሰው ሲኖር የሚጠራው እርሱ ነው። ያ ሞተር ጠዋት አልነሳም ሲል የሚቸገረው ባለሞተሩ ብቻ አይደለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት አንድ የራሳችንን ስሕተት እንናገራለን። ሞተር ተከራይቶ የሚሠራ አንድ ወንድማችን ጠዋት ጠዋት ሞተሩ አልነሳ እያለው ወደ እኛ መጣ። ባትሪውን ተመለከትን፤ ውሃው ደርቋል፤ «ባትሪህ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» አልነው። ተበድሮ ገዛ። ሁለት ወር ሳይሞላ ያው ችግር ተመለሰ። እኛም «ይህ ባትሪ ጥራት የለውም፣ ሌላ ግዛ» አልነው። ሁለተኛውንም ገዛ። በዚህ መካከል አንድ ሌሊት የጎረቤቱ ሕፃን በትኩሳት ይቃጠል ነበርና ወደ ሐኪም ቤት እንዲያደርሰው ተለመነ። ሞተሩ አልነሳም። ሰው ተሰብስቦ በአሸዋ ላይ ቢገፋውም አልሆነም። ሌላ ሞተር ተፈልጎ እስኪመጣ ድረስ እናትየው ልጅዋን ታቅፋ መንገድ ላይ ቆመች። እግዚአብሔር ይመስገን ልጁ ዳነ። እኛ ግን ያንን ሌሊት አልረሳነውም።

በማግስቱ ቀድሞ ማድረግ የነበረብንን አደረግን። ሞተሩ በሌላ ባትሪ እርዳታ ተነሥቶ እየሠራ ሳለ ቴስተር አስገብተን ለካን። ከ14.5 ቮልት ማለፍ የማይገባው ቻርጅ ከ16 በላይ ሆኖ አገኘነው። ጥፋቱ የባትሪው ሳይሆን ቻርጁን የሚቆጣጠረው የሬጉላቶሩ ነበር። ሬጉላቶሩ ተበላሽቶ ባትሪዎቹን አንድ በአንድ ቀቅሏቸዋል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ስላላደረግን አንድ ድሃ ሰው ሁለት ባትሪ በዕዳ ገዛ። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ሳይለካ ባትሪ አይገዛም።

፩. ባትሪው ምን እንደሆነ

የአብዛኞቻችን ሞተር ባትሪ ባለ12 ቮልት የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው። ይህ ዓይነት ባትሪ በ1859 እ.ኤ.አ. ጋስቶን ፕላንቴ በተባለ ፈረንሳዊ የተፈለሰፈ ሲሆን መሠረታዊ አሠራሩ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። በውስጡ ስድስት ክፍሎች ወይም ሴሎች አሉ። እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ስድስቱ ሲደመሩ 12.6 ይሆናል። ይህችን ቁጥር ያዙልን፤ ወደ ኋላ ትጠቅመናለች።

ባትሪውን የሚገድሉት ነገሮች ብዙ አይደሉም። ሲያልቅ ሳይሞላ መቆየት፣ ከመጠን በላይ መሞላት፣ ውሃው መድረቅ፣ መንቀጥቀጥና ሙቀት ናቸው። ባዶውን የቆየ ባትሪ እርሳሱ ላይ ነጭ ሰልፌት ይጋገርበትና ከዚያ በኋላ ቻርጅ አይቀበልም። ሙቀቱን በተመለከተ ደግሞ የእኛ የቱርካና ፀሐይ ለማንም የሚነገር አይደለም። ባትሪ ከሙቀት የተነሣ ውሃው ቶሎ ይተናል፤ ሳይሠራበትም በራሱ ይደክማል። ሞተሩን ጥላ ሥር ማቆም ወጪ የሌለው ጥገና ነው።

፪. በመጀመሪያ ማዳመጥ

ሞተሩ ምን እንደሚጎድለው ራሱ ይናገራል። ቁልፉን ከፍታችሁ ማስነሻውን ስትጫኑ የምትሰሙትን በጥሞና አዳምጡ።

ሀ/ መብራት የለም፣ ክላክስ አይጮህም፣ ማስነሻውም ዝም ብሏል እንበል። እንዲህ ሲሆን ወይ ፊውዝ ተቃጥሏል፣ ወይ የባትሪው ገመድ ወልቋል፣ ወይ ባትሪው ፈጽሞ ባዶ ሆኗል። መጀመሪያ ፊውዙን ተመልከቱ።

ለ/ ክላክሱ በደንብ ይጮኻል፣ ፍሬቻውም ይበራል፣ ማስነሻው ሲጫን ግን ምንም ድምፅ የለም። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የባትሪ ችግር አይደለም። ቀዩ የሞተር ማጥፊያ ቁልፍ ተዘግቶ እንደሆነ፣ ማርሹ ፎሌ ላይ መሆኑን፣ ፍሪሲዮኑ መያዙን ተመልከቱ። በቀዩ ቁልፍ ምክንያት ብቻ ሞተራቸውን ገፍተው የመጡ ሰዎች አስተናግደናል፤ ስም አንጠራም። እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ማስነሻው ቁልፍ ውስጥ አቧራ ገብቶ፣ ወይም ወደ ሬሌው የሚሄደው ቀጭን ገመድ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል።

ሐ/ ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ፈጣን ድምፅ ይሰማል። ሬሌው ለመያዝ ይሞክራል፣ ኃይል ስለሚያንሰው ይለቃል። ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ የገመዱ ማሠሪያ ላልቷል ወይም ዝጓል።

መ/ አንድ ጊዜ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። በዚህ ጊዜ መብራቱን እያያችሁ እንደገና ተጫኑ። መብራቱ ፈጽሞ የሚደበዝዝ ከሆነ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ሞተሪኖው ተጣብቋል። መብራቱ ምንም ካልተነካ ኃይሉ ወደ ሞተሪኖው እየደረሰ አይደለም፤ ሬሌውን፣ ወፍራሙን ገመድና የሞተሪኖውን ካርቦን መርምሩ።

ሠ/ ሞተሪኖው በደንብ ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። እዚህ ላይ ባትሪውን ተዉት። ችግሩ ከእሳት ወይም ከቤንዚን ነው። በኋላ እንመለስበታለን።

መብራት ስንል አንድ ነገር አስተውሉ። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ የፊት መብራት ኃይል የሚያገኘው ከባትሪው ሳይሆን ሞተሩ ሲሠራ ከሚያመነጨው ነው። ስለዚህ «የፊት መብራቱ አልበራም፣ ባትሪው ሞቷል» ማለት ስሕተት ሊሆን ይችላል። ለምርመራ ክላክሱን፣ ፍሬቻውንና የፍሬን መብራቱን ተጠቀሙ።

፫. ቀጥሎ ማየትና ማጽዳት

መቀመጫውን ወይም የጎን ክዳኑን ከፍታችሁ ባትሪውን ተመልከቱ። በተርሚናሉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የሚመስል ነገር ከተጋገረ ኃይል አያሳልፍም። ገመዱን ስትፈቱ ሁልጊዜ መጀመሪያ ነጋቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ፍቱ። ስትገጥሙ ደግሞ በተቃራኒው ፖዘቲቩን አስቀድሙ። ምክንያቱም ነጋቲቩ ሳይፈታ በፖዘቲቩ ላይ የምትሠሩበት መፍቻ የሞተሩን ብረት ከነካ እሳት ይፈጥራል።

ዱቄቱን ለማጽዳት ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት። የባትሪው ክዳን ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አድርቃችሁ፣ አጥብቃችሁ እሠሩና ግራሶ ቀቡት። ገመዱን በጣት ስታነቃንቁት ንቅንቅ ማለት የለበትም። በእኛ ልምድ «ባትሪዬ ሞተ» ተብሎ ከሚመጣው ውስጥ ጥቂት የማይባለው የሚድነው በዚህ ብቻ ነው።

በተለይ ደግሞ ማሳውን አትርሱ። ማሳ የምንለው ከባትሪው ነጋቲቭ ወደ ሞተሩ አካል የሚሄደውን ገመድ ነው። ሰው ሁሉ ቀዩን ገመድ ያያል፤ ጥቁሩን የሚያስታውሰው የለም። በላጋው አሸዋና በዝናብ ጊዜ ጭቃ የሚጎዳው ግን ታች የታሠረው እርሱ ነው። ቡሎኑን ፈታችሁ ብረቱ እስኪያበራ ፋቁትና መልሳችሁ እሠሩት።

ፊውዝ ተቃጥሎ ካገኛችሁ ያው ቁጥር ባለው ፊውዝ ለውጡ። የሲጋራ ወረቀት ወይም የሽቦ ቁራጭ መጠምጠም የተለመደ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ያ ሽቦ ፊውዙ መቃጠል በነበረበት ጊዜ ሳይቃጠል ቀርቶ የሞተሩን ገመድ በሙሉ ያቃጥላል።

፬. ከዚያ መለካት

ቴስተር ውድ ዕቃ አይደለም። ከአንድ ባትሪ ዋጋ ያንሳል፤ አሥር ሰዎች ተዋጥተው ቢገዙት ደግሞ ለማንም አይከብድም። አጠቃቀሙም ቀላል ነው። መዘውሩን ባለ20 የዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ። ቀዩን ሽቦ ቪ በሚለው ቀዳዳ ሰኩ። ኤ የሚለው ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ ቮልት ቢለካ ሁለቱን ጫፎች በቀጥታ እንደ ማገናኘት ነውና ቴስተሩ ይቃጠላል።

አንደኛው መለኪያ፦ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ፣ በተለይ ጠዋት፣ የባትሪውን ቮልት ለኩ።

12.6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ነው።
12.4 ከሆነ ሦስት አራተኛ ያህል አለው።
12.2 ከሆነ ግማሽ ነው።
12.0 ከሆነ ሩብ ገደማ ቀርቶታል።
11.8 እና ከዚያ በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

ከሞላችሁት በኋላ ተመልሶ 10.5 አካባቢ የሚቆም ከሆነ ያችን 2.1 የምትለዋን ቁጥር አስታውሱ። አንዱ ሴል ሞቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ አይድንም፤ ይቀየር። እዚህ ላይ ብቻ ነው ያለ ተጨማሪ ምርመራ «ግዛ» የምንለው።

ሁለተኛው መለኪያ፦ የቴስተሩን ጫፎች በባትሪው ላይ እንደያዛችሁ ሌላ ሰው ማስነሻውን ይጫን። ቮልቱ መውረዱ የማይቀር ነው፤ ነገር ግን ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ሙሉ ሆኖ ሳለ ወደ 7 ወይም 8 የሚወድቅ ከሆነ ባትሪው አርጅቷል፣ ወይም ሞተሪኖው ከሚገባው በላይ እየጎተተ ነው። ይህን ለመለየት ደህና መሆኑ የታወቀ የባልንጀራ ባትሪ አስገብታችሁ ሞክሩ። ቮልቱ 12 ላይ ቆሞ ሞተሪኖው ካልዞረ ግን ባትሪው ንጹሕ ነው፤ ኃይሉ መንገድ ላይ ቀርቷል።

መንገድ ላይ የቀረበትን ቦታ ለማግኘት አንዱን ጫፍ በባትሪው ነጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጋችሁ ማስነሻውን አስጫኑ። ቴስተሩ ዜሮ ገደማ ማሳየት አለበት። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ተበላሽቷል። እንደዚሁ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ቡሎን ለኩ። ብዙ ካሳየ ጥፋቱ በሬሌው ወይም በወፍራሙ ገመድ ላይ ነው።

ሦስተኛው መለኪያ፦ እኛ የረሳነው ይህን ነው። ሞተሩን አስነሡ፣ መካከለኛ ቤንዚን ስጡና የባትሪውን ቮልት ለኩ። በሚኒሞ ዝቅ ቢል አያስደንቅም፤ ቤንዚን ሲሰጠው ግን ከ13.5 እስከ 14.5 መድረስ አለበት። ከ13 ካላለፈ ሞተሩ ባትሪውን እየሞላ አይደለም። ጄኔሬተሩ፣ ሬጉላቶሩ ወይም ሶኬታቸው ይመርመር። ከ15 በላይ ካለፈ ሬጉላቶሩ ባትሪውን እየቀቀለ ነው፤ ሳትዘገዩ ለውጡት። ውሃው ቶሎ ቶሎ የሚደርቅ ባትሪ፣ ጎኑ ያበጠ ባትሪ፣ አምፖል እየደጋገመ የሚቃጠልበት ሞተር የዚህ በሽታ ምልክት ናቸው።

ከድሮ ሰዎች የተወረሰ አንድ ልማድ አለ። ቻርጅ መኖሩን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ይነቅላሉ። በዛሬዎቹ ሞተሮች ላይ ይህን አታድርጉ። ባትሪው በሌለበት ቮልቱ በድንገት ዘሎ አምፖሉንና ኤሌክትሮኒኩን ያቃጥላል።

ሌሊቱን ብቻ የሚያልቅ ባትሪ ካላችሁ ደግሞ ሞተሩን አጥፍታችሁ ቁልፉን አውጡ፣ ነጋቲቩን ፍቱና በተርሚናሉና በገመዱ መካከል የ12 ቮልት ትንሽ አምፖል አገናኙ። አምፖሉ ከበራ ቁልፉ ተዘግቶም ኃይል የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ በኋላ የተቀጠለ ሬዲዮ፣ የስልክ መሙያ ወይም ጌጥ መብራት ሆኖ ይገኛል። አንድ በአንድ ስትነቅሉ አምፖሉ የሚጠፋበት ላይ ሌባው ተያዘ።

፭. ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሩ ካልተነሳ

ሞተር ለመነሳት እሳት፣ ቤንዚን፣ አየርና ግፊት ያስፈልገዋል። ካንዴላውን ፈታችሁ ገመዱ ላይ መልሳችሁ ሰኩት፣ ብረቱን የሞተሩ አካል ላይ አስደግፉና በእግር ማስነሻው ምቱ። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ መታየት አለበት። በባዶ እጅ አትያዙት፤ የፈሰሰ ቤንዚንም አጠገቡ አይኑር። ብልጭታ ከሌለ ካንዴላውን ለውጣችሁ ሞክሩ፣ ቀጥሎ ቦቢናውንና ገመዱን መርምሩ።

እዚህ ላይ የምትጠቅም አንድ ዕውቀት አለች። በአንዳንድ ሞተሮች የካንዴላው እሳት የሚመጣው ሞተሩ ሲዞር ከሚያመነጨው ኃይል ነው። እንዲህ ያለው ባትሪው ቢሞትም በእግር ይነሳል። በሌሎች ደግሞ እሳቱ የሚመጣው ከባትሪው ነው። እነዚህ ባትሪያቸው ፈጽሞ ከሞተ በእግር ቢመቱም ቢገፉም አይነሱም። የዚያ ወንድማችን ሞተር ከሁለተኛው ወገን ነበር። የእናንተ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ዛሬውኑ በቀን ጠይቃችሁ እወቁ፤ በሌሊት በጭንቅ ሰዓት አትማሩት።

ብልጭታው ጥሩ ሆኖ ካልተነሳ ወደ ቤንዚኑ ሂዱ። በጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ውሃ ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ከካርቡራቶሩ ሥር ጥቂት በንጹሕ ጠርሙስ ቀድታችሁ ብታስቀምጡት ውሃው ከሥር ይዘቅጣል። በእኛ አቧራ ደግሞ የአየር ማጣሪያው ሳይጸዳ መሰንበት የለበትም።

፮. በካምፑ ውስጥ ባትሪ ስለ መሙላት

ብዙዎቻችን ሌሊት ሌሊት የሞተሩን ባትሪ አውጥተን ለቤት መብራትና ለስልክ እንጠቀምበታለን። ችግራችን ያስገደደን ነው፣ አንወቅስም። ሒሳቡን ግን እወቁት። የትንሽ ሞተር ባትሪ 5 አምፔር ሰዓት ያህል ነው። ባለ10 ዋት አምፖል በ3 ሰዓት ግማሹን ይጨርሰዋል። የሞተር ባትሪ የተሠራው ለጥቂት ሰኮንድ ብዙ ኃይል ሰጥቶ ወዲያው እንዲሞላ እንጂ ቀስ በቀስ እስከ ታች እንዲጠጣ አይደለም። ደጋግሞ ባዶ የሚሆን ባትሪ ዕድሜው ያጥራል። ለቤት መብራት ሌላ፣ ለዚሁ የተሠራ ባትሪ መያዝ በመጨረሻ ይረክሳል።

በሶላር የምትሞሉ ደግሞ ይህን አስተውሉ። 12 ቮልት የሚል የተጻፈበት ፓኔል በጠራ ፀሐይ ምንም ሳይጫንበት 20 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ያለ ኮንትሮለር በቀጥታ ማገናኘት የእኛ ሬጉላቶር የሠራውን ሥራ መድገም ነው። መጠኑም ይመጠን። ባትሪ የሚሞላው በአምፔር ሰዓቱ አንድ አሥረኛ ነው፤ 5 አምፔር ሰዓት ያለው በግማሽ አምፔር፣ አሥር ሰዓትና ከዚያ በላይ። ባለ10 ዋት ፓኔል ግማሽ አምፔር ያህል ይሰጣል፤ ይበቃዋል። ባለ50 ዋቱ ግን በጠራ ፀሐይ 3 አምፔር ገደማ ስለሚሰጥ ለዚህች ትንሽ ባትሪ ይበዛባታል። በመኪና ባትሪ መሙያ በአንድ ሰዓት «እንሞላላችኋለን» ለሚሏችሁም መልሳችሁ ይኸው ይሁን።

ውሃው ሲጎድል በሁለቱ መሥመሮች መካከል እስኪደርስ ድረስ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምሩ። የቧንቧችን ውሃ ጨው አለበት፤ ለመጠጥ የሆነው ለባትሪ አይሆንም። አሲድም አትጨምሩ፤ የሚተነው ውሃው ነው እንጂ አሲዱ አይደለም። ሁለቱም በተመሳሳይ ዕቃ ሊሸጡ ስለሚችሉ ጽሑፉን አንብቡ፣ ማንበብ ያልቻለ ያስነብብ። ክዳኑ የታሸገውን ባትሪ ግን ጨርሶ አትክፈቱ።

፯. ስለ ጥንቃቄ

በባትሪው ውስጥ ያለው ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ዓይን ያሳውራል፣ ቆዳና ልብስ ይበላል። ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ያለማቋረጥ እጠቡ፤ ዓይን ከሆነ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። ውሃ በሰልፍ በሚቀዳበት አገር ይህ ቀላል አይደለምና፣ ባትሪ ከመንካታችሁ በፊት አንድ ጄሪካን ውሃ አጠገባችሁ አኑሩ።

ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ጋዝ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። ስለዚህ ሰው በሚተኛበት ቤት፣ በከሰል ምድጃ አጠገብ፣ ሲጋራ እየተጨሰ ባትሪ አይሞላም። አየር ባለበት ውጭ፣ ልጆች በማይደርሱበት ይሁን።

የሞተውን ባትሪ ልጆች እንዳይጫወቱበት አንሡ። ሰብሮ እርሳሱን ማቅለጥም ፈጽሞ ይቅር። የእርሳስ ጢስና አቧራ መርዝ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ያረጀ ባትሪ የሚገዙ ነጋዴዎች አሉ፤ ሳትሰብሩ እንዳለ ሽጡላቸው።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ለሰው ብቻ የተነገረ አይደለም። ማታ ሞተሩን ስታቆሙ ክላክሱን አንድ ጊዜ ሞክሩት። በሳምንት አንድ ቀን ማሠሪያውን ነካክታችሁ እዩ። በወር አንድ ጊዜ ውሃውንና ቮልቱን ተመልከቱ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሞተሩ እምቢ ካለ አዳምጡት፣ እዩት፣ ለኩት። ጠጋኝም «ባትሪ ግዛ» ሲላችሁ «ስንት ቮልት አገኘህ? ቻርጁስ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን ሊነግራችሁ ካልቻለ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ አቆዩ። ይህን የምንለው እኛንም ጭምር እንድትጠይቁን ነው።

ስለዚያ ወንድማችን ለጠየቃችሁን፣ ሬጉላቶሩን ያለ ዋጋ ለወጥንለት፤ ለሁለተኛው ባትሪ ያወጣውንም በየወሩ ከሥራችን እየቀነስን መለስንለት። ሞተሩ ዛሬም ይሠራል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በጋራዣችን ግድግዳ ላይ ሦስት ቁጥር ጽፈን ሰቅለናል፦ ሲያርፍ 12.6፣ ሲያስነሣ ከ9.6 በላይ፣ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.5። ማንም ሞተሩን ይዞ ቢመጣ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በነፃ እንለካለታለን። መለካት የሚፈልግ ወጣትም ቢመጣ እናስተምረዋለን።

 አሁን ሞተሩን ውጭ ያቆመ ሁሉ ይውጣና በአንድነት እንለካ።